የእንሽላሊት ዓሣ መለያውና መኖሪያው፤ ለከተማው ሕዝብና ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር




ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንድ ዓሣ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ግብርና ብዙ የሚነገር ጉዳይ ሳለ ስለ ዓሣ መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የባሕርን ሀብት ለመጠበቅም ሆነ በእርሱ ለመጠቀም የመጀመሪያው ሥራ በውስጡ ያለውን በስሙ ማወቅ ነው። ስሙን ያላወቅነውን ነገር ልንቈጥረው አንችልም፤ ያልቈጠርነውንም ልናስተዳድረው አንችልም። የምናገርለት ዓሣ በቀይ ባሕር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲኖር በትክክለኛ ስሙ የተጠራው ግን ገና በ2015 ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ንግግሬ ደጋግሞ ወደ ካርቱም ይመለሳል። ካርቱም የባሕር ዳርቻ ከተማ አይደለችም፤ ከፖርት ሱዳን በባቡር ሐዲድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጣና የሚወርደው ዐባያችን ከነጭ ዐባይ ጋራ የሚገናኝባት በመሆኗ ሕዝቧ የሚያውቀው የወንዝ ዓሣ ነው። ይሁን እንጂ የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የተቋቋመው በዚያች ከተማ ነበር፤ በእርሱም ላይ የደረሰው አደጋ የዛሬው ንግግሬ ዋና ምክንያት ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ዓሣውን ላስተዋውቃችሁ።

፩ኛ፤ እንሽላሊት ዓሣ ማን ነው?

እንሽላሊት ዓሣ የሚባሉት ራሳቸው የእንሽላሊት ራስ የሚመስል፣ አፋቸው እጅግ ሰፊ፣ ገላቸው እንደ በትር ድብልብልና ረዘም ያለ ዓሦች ናቸው። ሊቃውንቱም ከወገኖቻቸው አንዱን ሳውሪዳ ብለው ሲሰይሙት ቃሉን የወሰዱት በግሪክኛ እንሽላሊት ማለት ከሆነው ከሳውሮስ ነው። በግብጽ የዓሣ ገበያ ደግሞ መልኩን አይተው መካሮና ይሉታል። የዚህ ቤተ ሰብ ዓይነቶች በዓለም ሞቃት ባሕሮች ውስጥ ከ70 በላይ ናቸው።

ከዚህ ቤተ ሰብ ጋራ በሩቅ የሚዛመድ፣ በጥልቁ ውቅያኖስ የሚኖር ሌላ ዓሣ አለ። እርሱም ባቲሳውሩስ ይባላል፤ ትርጓሜውም የጥልቁ እንሽላሊት ማለት ነው። ከሁለቱ ዓይነቶቹ አንዱን፣ ባቲሳውሩስ ፌሮክስን፣ ጉንተር የተባለ ሊቅ በ1878 ገለጸው፤ ናሙናው የተገኘው ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን በዞረችው ቻሌንጀር በተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ነበር። ይህ ዓሣ ከ600 እስከ 3,500 ሜትር ድረስ ባለው ጥልቀት፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጭለማ፣ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ የሚያልፈውን አድብቶ ይይዛል። ራሱ ከላይ እንደ ተጫነ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥርሶቹም የያዙትን እንዳይለቁ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው። በዚያ ስፋትና ጭለማ ውስጥ ወንድና ሴት መገናኘት ስለሚያዳግታቸው እያንዳንዱ ዓሣ የወንድነትንም የሴትነትንም ብልት ባንድነት ይዞ ይገኛል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ባቲሳውሩስ ሞሊስ፣ ከዚህም በበለጠ ጥልቀት ይኖራል። ሁለቱን በቀላሉ ለመለየት የፈለገ ሰው ጀርባቸውን ወደ ጅራት አካባቢ ይመልከት፤ ሞሊስ በዚያ ስፍራ ዘንግ የሌላት ትንሽ የሥብ ክንፍ አለችው፤ ፌሮክስ ግን የለችውም።

እንግዲህ ቀይ ባሕርም በመካከሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ከሆነ ይህ የጥልቁ እንሽላሊት በውስጡ ሊኖር ይገባ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ስለ ባሕራችን ጠባይ ብዙ ያስተምራል። በውቅያኖስ ጥልቅ ውስጥ ያለው ውሃ እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ቀይ ባሕር ግን በደቡቡ በር፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ ጥልቀቱ 140 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ የባሕር ውስጥ ደፍ አለው። ይህ ደፍ ከሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይገባ ይከለክለዋል። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ የሚመነጨው ከራሱ ከሰሜኑ ክፍል ነው፤ በዚያ ውሃው በፀሐይና በነፋስ ተንኖ ጨዉ ይበረታል፤ በክረምትም ቀዝቀዝ ሲል ከብዶ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ የባሕራችን ጥልቅ እስከ ወለሉ ድረስ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በላይ፣ ጨዉም ከሺህ እጅ 40 ያህል ነው። እንዲያውም በሱዳንና በሳዑዲ ዐረቢያ መካከል ባለው፣ አትላንቲስ ሁለተኛ በተባለው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ከምድር ውስጥ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። በቅዝቃዜ የተፈጠረ ዓሣ እንዲህ ባለው ቤት አይኖርም። እንግዲህ በዚህ ባሕር የምናገኘው እንሽላሊት ዓሣ ከዚያ ጥልቅ ከሚኖረው ዘመዱ የተለየ መሆኑን ካወቅን ወደ ራሳችን ዓሣ እንመለስ።

፪ኛ፤ በምን ይታወቃል?

አንድን ዓሣ ለመለየት ሦስት ደረጃ ያስፈልጋል። ፊተኛው ቤተ ሰቡን ማወቅ፣ ሁለተኛው ወገኑን ማወቅ፣ ሦስተኛው ዓይነቱን ማወቅ ነው። ከላይ ጀምሮ በየደረጃው የወረደ አይሳሳትም፤ ደረጃ የዘለለ ግን በመጨረሻው ምልክት ብቻ ተመርቶ ወደ ስሕተት ይገባል።

ፊተኛው ደረጃ፤ ቤተ ሰቡ። በካርቱምና በኦምዱርማን የሚኖር፣ በመውረዳ ገበያ የዐባይን ዓሣ ሲገዛ ያደገ ሰው፣ እንሽላሊት ዓሣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ካስ ነው ሊል ይችላል። ካስ በሱዳን በዐባይ ውስጥ የሚኖር ጥርሳም አዳኝ ዓሣ ነው። ይህም አለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ጥርሳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከጀርባቸው በስተኋላ ያቺ ዘንግ የሌላት ትንሽ የሥብ ክንፍ አለቻቸው። ነገር ግን አፋቸውን ከፍተው ቢያዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የካስ ጥርሶች ጥቂት፣ ትልልቅና የተራራቁ እንደ ጩቤ ያሉ ናቸው፤ አፉ ሲዘጋም ከውጭ ይታያሉ። የእንሽላሊት ዓሣ ጥርሶች ግን እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ለቍጥር የሚያስቸግሩ፣ በመንጋጋው፣ በላንቃውና በምላሱ ላይ ሳይቀር በረድፍ የተተከሉ ናቸው። ደግሞም የካስ ገላ ከጎንና ከጎን የተጫነ ሲሆን የእንሽላሊት ዓሣ ገላ ድብልብል ነው። የእንሽላሊት ዓሣ የአፉ ስንጥቅ ከዓይኑ በስተኋላ ርቆ ይሄዳል፤ ይህን ያየ ሰው እንሽላሊት የሚለው ስም ለምን እንደ ተሰጠው ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው ደረጃ፤ ወገኑ። በቀይ ባሕር ሁለት የታወቁ የእንሽላሊት ዓሣ ወገኖች አሉ፤ አንዱ ሲኖዱስ፣ አንዱ ሳውሪዳ ይባላል። ሲኖዱስ አብዛኛውን ጊዜ በዛጎል ድንጋይ አጠገብ በአሸዋ ላይ የሚታየው ዝንጉርጉሩ ነው። ሁለቱን ለመለየት ዓሣው በጀርባው ይጋደምና ከሆዱ በታች ያለው ጥንድ ክንፍ ይዘርጋ። በሲኖዱስ የዚህ ክንፍ ዘንጎች 8 ሲሆኑ የውስጠኞቹ ከውጭኞቹ እጅግ ይረዝማሉ። በሳውሪዳ ግን ዘንጎቹ 9 ናቸው፤ የውስጡና የውጩም ርዝመት ተቀራራቢ ነው። ከዚህም በቀር በላንቃው በቀኝና በግራ ያለው የጥርስ ረድፍ በሲኖዱስ በየጎኑ አንድ፣ በሳውሪዳ በየጎኑ ሁለት ነው። ይህን ለማየት መነጽርና የእጅ መብራት ይበቃል።

ሦስተኛው ደረጃ፤ ዓይነቱ። ከሳውሪዳ ወገን በባሕራችን ጎልተው ከሚገኙት አንዱ ሳውሪዳ ቱምቢል ነው፤ ይህን ብሎህ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1795 ገልጾታል። ሌላው የዛሬው ዋና ጉዳያችን ሳውሪዳ ሌሴፕሲያኑስ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ/ የጅራቱ ክንፍ የላይኛው ጠርዝ ከ3 እስከ 8፣ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 7፣ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በመሥመር ተደርድረውበታል። በሳውሪዳ ቱምቢል ጅራት ላይ እንዲህ ያለ የነጠብጣብ መሥመር የለም። በገበያ ላይ ዓይን መጀመሪያ ማየት የሚገባው ይህን ነው።

ለ/ የጀርባው ዋና ክንፍ 11 ወይም 12 ዘንጎች አሉት፤ የደረቱ ክንፍ ከ13 እስከ 15 ዘንጎች አሉት።

ሐ/ ከራሱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ በጎኑ በሚሄደው መሥመር ላይ ያሉት ቅርፊቶች ሲቈጠሩ ከ47 እስከ 51 ናቸው።

መ/ ወደ ጅራቱ የሚያደርሰው የገላው ቀጭን ክፍል ቁመቱ ከስፋቱ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ማለት ከጎንና ከጎን ጥቂት የተጫነ ነው።

ሠ/ ሆዱ ሲከፈት ጨጓራው ከፊት በኩል ከነጣ ግራጫ እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ አንጀቱ ነጣ ያለ ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። የጅራት ነጠብጣብ በበረዶ ውስጥ በቈየ ዓሣ ይደበዝዛል፤ ቅርፊትም በመረብ ይረግፋል። ሁለትና ሦስት ምልክት ሲስማማ ግን ጥርጥሩ ይወገዳል።

፫ኛ፤ የት ይኖራል?

ይህ ዓሣ የሚኖረው በዛጎል ድንጋይ ላይ ሳይሆን በአሸዋማና በጭቃማ የባሕር ወለል ላይ ነው። ጥልቀቱም ከጥቂት አሥር ሜትሮች ጀምሮ እስከ 100 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከባቲሳውሩስ ጥልቅ ጋራ ሲነጻጸር ደጃፍ ማለት ነው፤ ለሰው ግን ጥልቅ ነው። በ1963 ኩስቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከፖርት ሱዳን ውጭ በሸዐብ ሩሚ የባሕር ውስጥ ቤት ሠርቶ ሰዎቹን ለአንድ ወር ያህል ባኖረ ጊዜ ዋናው ቤት የተተከለው በ10 ሜትር ጥልቀት ነበር። እንሽላሊት ዓሣችን የሚያድረው እንግዲህ ከዚያ ቤት በብዙ ዝቅ ብሎ ነው።

ጠባዩም እንደ መኖሪያው ነው። በአሸዋው ላይ ሆዱን አሳርፎ፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑ ብቻ እስኪቀር ድረስ ተቀብሮ፣ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። መልኩ ከላይ እንደ አሸዋ ቡናማ፣ ከታች ነጭ በመሆኑ አይለይም። ትንሽ ዓሣ ከራሱ በላይ ሲያልፍ እንደ ቀስት ተወርውሮ ይይዛል፤ ከያዘም ወዲያ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ የተያዘው አያመልጥም። አንዳንድ ጊዜ ሆዱ ሲከፈት የገላውን ርዝመት የሚቀርብ ዓሣ በውስጡ ይገኛል።

ቀይ ባሕር በመካከሉና በሰሜኑ ዳርቻው ቶሎ የሚሰምጥ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ሰፊ ጭቃማ ወለል በየስፍራው አይገኝም። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ወለሉ ይሰፋል። በሱዳን ደቡባዊ ዳርቻ በቶከር አጠገብ ከኤርትራ ደጋ የሚመጣው የባርካ ወንዝ በጎርፍ ጊዜ ደለሉን ያፈስሳል። ከዚያም ወዲያ በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ጥልቀት የሌለው ሰፊ ባሕር ለዚህ ዓሣ የተመቸ ነው። በዚያ አካባቢ በወለል ላይ መረብ የሚጎትቱ መርከቦች ከሚያወጡት ዓሣ ዋነኛው ክፍል እንሽላሊት ዓሣ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በደጋ የተሸረሸረው አፈር በባሕር ወለል የዓሣ ማደሪያ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የወንዝና የባሕር ጉዳይ በሹማምንት ጠረጴዛ ላይ ተለያይቶ ቢቀመጥም በተፈጥሮ ግን አልተለያየም።

ስለ ሥጋው አንድ ቃል ልጨምር። ሥጋው ነጭና የሚበላ ነው፤ ቀጫጭን አጥንቱ ግን ብዙ ነው። በእስያ አገሮች ይህን አውቀው ሥጋውን ወቅጠው የዓሣ ድብልብል ይሠሩበታል። ነገር ግን ይህ ዓሣ ከሌሎች ይልቅ ቶሎ የሚበላሽ ጠባይ አለው፤ በበረዶም ሲቈይ በሥጋው ውስጥ በሚፈጠረው ፎርማልዴሃይድ በተባለ ቅመም ምክንያት ሥጋው ይደርቃል፣ እንደ ክርም ይሆናል። ስለዚህ ከባሕሩ ርቆ ከመጓዙ በፊት በወጣበት ቀን መሠራት ይገባዋል፤ ወደ ውስጥ አገር እልካለሁ የሚል ነጋዴም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

፬ኛ፤ ስሙ እንዴት ተሳሳተ?

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንምጣ። በ1848 ሪቻርድሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሊቅ ከሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ የመጣ እንሽላሊት ዓሣ ገልጾ ሳውሪዳ ኡንዶስኳሚስ አለው። ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕር ተመሳሳይ ዓሣ ያገኙ ሰዎች ያንኑ የአውስትራሊያውን ስም ሰጡት። ሌሎች ደግሞ በ1917 ከጃፓን ለተገለጸው፣ ሳውሪዳ ማክሮሌፒስ ለተባለው ዓሣ የተሰጠውን ስም ጻፉበት። እንዲህ ሲሆን የራሱ ስም ሳይኖረው በሰው ስም ኖረ።

የስሙ ጉዳይ በቀይ ባሕር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የቀይ ባሕር ዓሦች በቦዩ አልፈው ወደ ሜዲቴራኒያን ገብተዋል። ይህም ዓሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሜዲቴራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ታየ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ እጅግ በዝቶ የመረብ አጥማጆች ዋና ምርት ሆነ። በዚያ የነበረውን ሜርሉዞ የተባለውን ዓሣ ወደ ጠለቀውና ወደ ቀዘቀዘው ውሃ ገፋው። ስለዚህ ዓሣ ብዙ ጥናት ተጻፈ፤ ሠንጠረዥ ተዘጋጀ፤ የመጥመጃ ደንብ ተመከረበት፤ ይህ ሁሉ ግን በአውስትራሊያዊው ስም ነበር።

በመጨረሻ በ2015 ራስል፣ ጎላኒና ቲኮቺንስኪ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የቀይ ባሕሩንና የሜዲቴራኒያኑን ዓሣ ከአውስትራሊያውና ከጃፓኑ ናሙና ጋራ አስተያይተው ልዩ ዓይነት መሆኑን አስታወቁ፤ ቦዩን ባስቈፈረው በፈረንሳዊው በፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ስም ከተጠራው የስደት መንገድ ወስደውም ሌሴፕሲያኑስ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ የባሕራችን ተወላጅ የሆነ ዓሣ የራሱን ስም ያገኘው በስደቱ ምክንያት ነው። በቤቱ ሳለ የመረመረው ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት የቤቱን ስም በያዘ ነበር።

፭ኛ፤ ናሙና ለምን ይጠበቃል? የካርቱም ነገር

ሊቃውንቱ ይህን ስሕተት ያረሙት በምን ኃይል ነው ብትሉ፣ በቤተ መዘክር በተቀመጠ ናሙና ነው። አንድ ዓሣ ተይዞ፣ በአልኮል ተጠብቆ፣ የተያዘበት ስፍራና ቀን ተጽፎበት ከተቀመጠ ከመቶ ዓመትም በኋላ ይመሰክራል። ናሙና ከሌለ ግን የቀረው ወሬ ብቻ ነው።

ለዚህ ምስክር ላቅርብ። ፎርስኮል የተባለው ሊቅ ከዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ በ1761 እና በ1762 በግብጽና በቀይ ባሕር ዳርቻ ዓሦችን ሰበሰበ። ከአጥማጆቹ አፍ የዐረብኛውን ስም እየጠየቀ ይጽፍ ስለ ነበር፣ በካርቱም ገበያ ዛሬም በያድ የሚባለው ዓሣ በሳይንስ መዝገብ በዚሁ ስም ገብቷል። ቀደም ብለን የጠቀስነውም ካስ ከዓይነቶቹ አንዱ በፎርስኮል ስም ይጠራል። እርሱ በ1763 በየመን በንዳድ ሞተ፤ ከጓደኞቹም ወደ አገሩ የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነበር። ነገር ግን ቈዳቸው ተገፎ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ የተለጠፉት ዓሦቹ እስከ ዛሬ በኮፐንሃገን ይገኛሉ። ሰውየው አለፈ፤ ምስክሩ ግን አላለፈም።

እንደዚሁም ከፍራንክፈርት የመጣው ሩፔል አስቀድሞ በ1820ዎቹ በኑብያና በኮርዶፋን ተጓዘ፤ ኋላም በ1831 በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር ደረሰ። የቀይ ባሕርን ዓሦችና የኢትዮጵያን እንስሳት በመጽሐፉ ሲገልጽ ናሙናዎቹን ለአገሩ ቤተ መዘክር ሰጠ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ያገራችንን ዓሣ ለመመርመር ወደ ፍራንክፈርት መሄድ ማስፈለጉ ቢያሳዝንም ናሙናው መኖሩ ግን ያጽናናል።

በካርቱም ግን የሆነው ሌላ ነው። የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በ1929 የተመሠረተ፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደር፣ ዘመናትን ያስቈጠሩ የአገሪቱ እንስሳት ናሙናዎች የተሰበሰቡበት፣ ተማሪዎችም ልጆችም የሚጎበኙት ቤት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ጦርነት በከተማይቱ መካከል ሲነሣ፣ ቤቱ ከጦሩ ዋና ሠፈር አጠገብ ስለ ነበር ጠባቂዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በውስጡ ይጠበቁ የነበሩት መቶ ያህል ሕያዋን እንስሳት፣ እባቦችና አዞዎች፣ የሚመግባቸውና የሚያጠጣቸው አጥተው ሞቱ። በመስተዋትና በመደርደሪያ የነበሩትም ናሙናዎች ከጦርነቱ ጥፋት አላመለጡም።

የሰው ሕይወት እንደ ቅጠል በረገፈባት ከተማ ስለ ደረቀ ወፍና በአልኮል ስለ ተነከረ እንስሳ ማዘን ተገቢ ነው ወይ የሚል ይኖራል። እኔም ይህን ጥያቄ ለራሴ አቅርቤዋለሁ። ሁለቱን ኀዘን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። ነገር ግን የጠፋው የእንስሳ ቈዳ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ስለ ገዛ ምድሩ ያለው ማስረጃ ነው። ቤት ቢፈርስ በድንጋይና በኖራ እንደገና ይሠራል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተያዘውን ናሙና ግን በምንም ገንዘብ መልሶ መያዝ አይቻልም፤ ያ ወንዝና ያ ዘመን አልፈዋልና። በዐባይ አፋፍ ላይ ብዙ ዘመን በካርቱም የኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን እየያዙ ወደዚያ ቤት ይሄዱ ከነበረ፣ ዛሬ ልጆቹ የሚያስታውሱትን ለታናናሾቻቸው ማሳየት አይችሉም።

፮ኛ፤ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ማስረጃ በአንድ ቤት ብቻ መከማቸት የሌለበት መሆኑ ነው። ትልቅ ቤተ መዘክር ለመሥራት አቅም የሌለው አስተዳደር እንኳ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥቂት ወጪ ሊያደርግ ይችላል።

አንደኛ፤ ከባሕርም ሆነ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ የሚወጣው ዓሣ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ሲገባ ዓሣ ተብሎ በጅምላ አይጻፍ። የአጥማጁ ቋንቋ ስሙ፣ የተያዘበት ስፍራ፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የመረቡ ዓይነት ይጻፍ። የሳይንሱን ስም በእርግጠኝነት ያላወቀ ጸሐፊ ከመጽሐፍ ገልብጦ አይሙላ፤ ሳውሪዳ ብሎ ወገኑን ብቻ ቢጽፍ ስሕተት የለበትም። የተሳሳተ ስም ካልተጻፈ ስም ይከፋል፤ ያልተጻፈውን የሚፈልገው ሰው ይጠይቃል፤ የተሳሳተውን ግን ሁሉም ያምነዋል።

ሁለተኛ፤ ከየዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ለናሙና ይቀመጥ። ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ከክንፉ ጥቂት ተቈርጦ በንጹሕ አልኮል ለብቻው ይቀመጥ፤ የዘር ምርመራ የሚደረገው በእርሱ ነው፤ ፎርማሊን የነካው ግን ለዚህ ምርመራ አይመችም። ከዚያ በኋላ ዓሣው ሙሉውን በፎርማሊን ይደር፤ ቈይቶም ወደ አልኮል ይዛወር። ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ በብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ በውጭ የተለጠፈ ወረቀት ይወድቃል፤ በቀለም የተጻፈም ይለቃል።

ሦስተኛ፤ ዓሣው ገና ትኩስ ሳለ ፎቶግራፍ ይነሣ። ከነመስፈሪያው ከጎኑ፣ ከተዘረጋው የጅራት ክንፉ፣ ከተከፈተው አፉ፣ ሦስት ሥዕል ይበቃል። ይህ ሥዕል በአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥ፤ ቅጂው ወደ ሁለትና ሦስት ስፍራ ይላክ። የካርቱም መከራ ያስተማረን ዋናው ነገር ይህ ነው።

አራተኛ፤ መምህራን ይህን ሥራ ለተማሪዎቻቸው ያካፍሉ። የጎን መሥመር ቅርፊትን ከ47 እስከ 51 መቍጠር ለአንድ ልጅ የሒሳብም የትዕግሥትም ትምህርት ነው። በከተማው ትምህርት ቤት መስኮት ላይ የተቀመጡ አሥር ብልቃጦች የቤተ መዘክር መጀመሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

አምስተኛ፤ አጥማጆች ይጠየቁ፤ ይከበሩም። ፎርስኮል ስሙን የጻፈው ከእነርሱ ሰምቶ ነው። ዓሣው በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ በየትኛው ጭቃ ላይ እንደሚያድር፣ ሊቅ ከመጻፉ በፊት አጥማጁ ያውቀዋል። ሽማግሌ አጥማጅ ሲሞት የሚቀበረው አብሮት ያለው ዕውቀት ስለ ሆነ፣ በሕይወት ሳለ መጻፍ የእኛ ግዴታ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

እንሽላሊት ዓሣ በመልኩ የሚያምር፣ በዋጋውም የሚወደድ ዓሣ አይደለም። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ የሚኖር ነው። ይሁን እንጂ በባሕራችን ተወልዶ ብዙ ዘመን በባዕድ ስም ከተጠራ በኋላ ስሙ የተመለሰለት፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ናሙናውን ጠብቆ ስላቈየ ነው። ነገ ስሙን የምንጠይቀው ሌላ ዓሣ፣ ሌላ ወፍ፣ ሌላ ቅጠል ይኖራል። ያን ጊዜ መልስ እንዲገኝ ዛሬ መጻፍና ማስቀመጥ ይገባናል። የካርቱም ቤተ መዘክር ሠራተኞች ያላቸው ሁሉ ከጠፋባቸው በኋላ እንደገና ለመጀመር ብርታት እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ እኛም ገና ሳይጠፋብን እንድንጀምር አደራ እላለሁ።